ካፖርት ከነገበሩ

ጥቅምት 4

ዛሬም ምንም የለም። ምንም ከሌለ ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? እንጃ... ለሰው የማይነገር ነገር አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት መሰለኝ።

ቀኑን ሙሉ አዳራሹ ትኬት መቁረጫ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ፊልሙ ባለፈው ወር የታየው ነው። አንዱ ሰውዬ መጥቶ "አሁንም ያው ነው?" አለኝ። ያው ነው አልኩት። ሁሉም ነገር ያው ነው ልለው ነበር፣ እሱን ምን አገባው ብዬ ተውኩት። በመሃል መጽሐፌን አነበብኩ። ባሏን ጥላ ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር ስለኮበለለች ሴት ነው። ጥሩው ክፍል ላይ ስደርስ ነው ሰው መስኮቱን የሚያንኳኳው።

ማታ ባሌ እንደ ልማዱ ከሱሪው ላይ ክር እየለቀመ ገባ። ልብስ ሰፊ ያገባች ሴት ወለሏ ላይ ክር አይጠፋም። "ደክሞሻል?" "አይ።" "እሺ።" እራት በላን። ያ ነው ወሬያችን። ቀን ቀን አፉ የስፒል መያዣ ነው፤ ደንበኛ ሲለካ አምስት ስድስቱን በከንፈሩ ይዞ ነው የሚሠራው። ማታ ስፒሉን ሲያወጣ ወሬውም አብሮ የሚወጣ ይመስለኛል። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እንግዲያው የዚህ ከተማ አንደኛዋ ሀብታም እኔ ነኝ።

ጥቅምት 9

የቲያትር ቡድን መጣ! አምስት ሳምንት ተለማምደው እዚሁ አዳራሽ ሊያሳዩ ነው።

አዘጋጃቸው በዚህ ሁሉ ፀሐይ ቀይ ሻርፕ ጠምጥሟል። የአዳራሹን ቁልፍ ፈልጎ መስኮቴ ጋ መጣና ጎንበስ ብሎ አየኝ። "ይሄን የመሰለ ፊት እዚህ ውስጥ ማን ቆለፈው?" አለ። ፊቴ ጋለ። መልስ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጥሩ መልስ ምንጊዜም የሚመጣልኝ ሽንኩርት ስከትፍ ነው።

ለባሌ "የቲያትር ሰዎች መጥተዋል" ብዬ ነገርኩት። "አዎ፣ ልብስ አዘዋል" አለ። አለቀ።

ጥቅምት 12

ገረድ ሆኜ ልሠራ ነው። የገረዷን ቦታ የምትጫወተው ልጅ ታማ ቀርታባቸዋለች። ሁለት ንግግር ነው ያለኝ። "እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል።" ቆይቶ ደግሞ "እኔ ምንም አላየሁም።" ሁለት ብቻ... ግን ከመስኮት ውጭ ነው።

ከሥራ ስወጣ ባሌ ሱቅ ጎራ አልኩ። ለቲያትሩ እመቤት ቀሚስ እየሰፋ ነበር። ከፊት ስታየው የንግሥት ነው፤ ገለበጥኩት፣ ባዶ። ኪሱ ክዳኑ ብቻ ነው፣ እጅ አያስገባም። ስፌቱም ላላ ያለ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ሲለብሰው እንዲፈታ። "ገበሩስ?" አልኩት። ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። "የመድረክ ልብስ ገበር የለውም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ገበር ምን ያደርግለታል?"

በዚህ ወር ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው።

ጥቅምት 19

ልምምድ። "በሩን ስትከፍቺ ከበሩ ወዲያ ሌላ ሕይወት እንዳለ አስቢ" አለኝ አዘጋጁ። እኔ እኮ ይሄን ሳስብ ነው የኖርኩት! በሩን ከፈትኩ። ተዋንያኑ ዞረው አዩኝ። "አያችሁ?" አላቸው።

ከዚያ እስከ ድልድዩ በእግራችን ሄድን። ስለ ትልቁ ከተማ አወራኝ። ሕዝቡ ቆሞ እንዴት እንደሚያጨበጭብ፣ ከትዕይንት በኋላ ሌሊቱ እንዴት እንደማያልቅ... እያወራ እጄን ያዘኝ። ወሬውን አላቋረጠም፣ እኔም እጄን አላስለቀቅሁም። "አንቺ እዚህ የምትባክኚ ሰው አይደለሽም" አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወይስ ነበር? ትዝ አይለኝም።

ቤት ስገባ የት ነበርሽ ቢለኝ የምመልሰውን መንገድ ላይ ሳጠና ነው የመጣሁት። አልጠየቀኝም። እራቴን ከድኖ አስቀምጦልኛል።

ጥቅምት 24

እታለም መጣች። ታላቅ እህት ማለት ያለ ደመወዝ ፖሊስ ማለት ነው። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ከባለ ሻርፑ ጋር ድልድይ ላይ ታይተሻል።"

"ስለ ቲያትር እያወራን ነበር።"

"ቲያትሩ አዳራሽ ውስጥ መስሎኝ። ባልሽ ምን አደረገሽ?"

"ምንም።"

"ምንም ካላደረገሽ ታዲያ ምን ሆነሻል?"

"እሱ ነው እኮ፣ እታለም። ምንም።"

መጽሐፌን አንስታ ሽፋኑን አየችው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው። "መጽሐፍ ነው ያበላሸሽ" አለች። "እኔ የሞተብኝ ባል ተመልሶ መጥቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።" ከዚያ ሻይዋን ጠጣች። ዛሬ ሽንኩርት ከትፌም መልስ አልመጣልኝም።

ኅዳር 1

"ነይ ከእኔ ጋር።"

ልክ እንዲህ ነው ያለው። ድልድዩ ላይ። "ኅዳር አሥራ ስድስት ጠዋት አውቶቡሱ ይነሳል። ነይ። ብርድ ነው እዚያ፣ ደህና ካፖርት ያዢ።" ሻርፑን አውልቆ አንገቴ ላይ አደረገልኝ፣ ከዚያ መልሶ ወሰደው። ሳቅን።

እሄዳለሁ? እሄዳለሁ።

ካፖርት ግን የለኝም። የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ! ሁሌ ደንበኛ ይቀድማል፤ "ያንቺን በሚቀጥለው ሳምንት" እንዳለ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ማታ ባሌን "ለቲያትሩ ካፖርት ያስፈልገኛል" አልኩት። "ሦስተኛው ትዕይንት ላይ እለብሰዋለሁ። ገበሩ ወፈር ይበል። የውስጥ ኪስም ይኑረው፣ ጠለቅ ያለ።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"ለመድረክ?"

"ለመድረክ።"

"እሺ" አለ። ይኸው ነው። እንዴት ቀላል ሆነ! ስዋሽ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ትወና እየቻልኩ ነው ማለት ነው።

ኅዳር 5

ለካኝ። የሰው ልኬት በዓይኑ የሚያውቅ ሰው፣ ያውም የኔን፣ ዛሬ ሜትር አወጣ። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ወገቤን... ቀስ እያለ። እንደገና ትከሻዬን ለካ። ቸኩዬ ነበር፣ ልምምድ አለብኝ።

"ሹራብ ደርበሽ ነው የምትለብሺው?"

"አዎ።"

"ብርድ አለ እዚያ?"

"የት?"

"መድረኩ ላይ።"

"አለ" አልኩት። ጻፈው።

ኅዳር 8

ጡረተኛው መምህር ሱቁ በር ላይ ሲጮኹ ደረስኩ። የሱሪያቸው ቀን አልፏል። "ልጄን ልድር ነው፣ በቁምጣ ልሂድ?" "ይቅርታ ጋሼ፣ አስቸኳይ ሥራ ይዤ ነው።" "ከልጄ ሠርግ የሚያስቸኩል ማን ነው?" ጠረጴዛው ላይ የኔ ካፖርት ተዘርግቷል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከመደርደሪያው ከላይ የነበረው ጨርቅ፤ ለማንም የማይቆርጠው።

ከሄድኩ በኋላ መምህሩ ሱሪያቸውን ያገኛሉ አልኩ ለራሴ።

ኅዳር 11

ሰሞኑን በሹራብ ብቻ ነው የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። "ካፖርትህስ?" ብለው "አይበርደኝም" አለ። ግትር ነው ደግሞ።

ኅዳር 13

ካፖርቱ አለቀ። ከኋላዬ ሆኖ አለበሰኝ፣ ኮሌታውን አቃናልኝ፣ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ ቆለፈልኝ። "ይመቻል?" "በጣም።" "እጅሽን አንሺ። አውርጂ። ጥሩ።" አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየው። ካፖርቱን ነው ያየው፣ እኔን አይደለም። አወለቅሁና አንጠለጠልኩት። ሳልስመው ወጣሁ። ለምን እስመዋለሁ? እታለም አበላሹሽ ባለቻቸው መጽሐፎች ውስጥ እንኳ ሴትየዋ ስትሄድ ባሏን አትስምም።

ኅዳር 14

ቲያትሩ ታየ! ሁለቱንም ንግግሬን ተናገርኩ። "እኔ ምንም አላየሁም" ስል አንድ ሰው አስሎታል እንጂ ሌላው ጸጥ ብሎ ነበር። እሱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር፣ የሠርግ ከረባቱን አስሮ። ሲያጨበጭብ አየሁት።

አንድ ነገር አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ። ካፖርቱን ለሦስተኛው ትዕይንት ነው ብዬው ነበር። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ የለሁም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሽርጥ ነው የሠራሁት። እሱ ደግሞ ሁሉንም አይቷል... አያስተውልም። ቁጭ ብሎ የልብሶቹን ስፌት ሲያይ ነው ያመሸው።

ኅዳር 16

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት እሱ ሱቅ ከሄደ በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ካፖርቱን ለበስኩ። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ተዋንያኑ ዕቃ ይጭናሉ። አዘጋጁ መስኮት ጋ ተቀምጧል። አየኝ። መጀመሪያ እጁን አውለበለበልኝ፣ ልሸኘው የመጣሁ መስሎት። ከዚያ ሻንጣውን አየ።

ወረደ። "ምነው?" አለኝ። ምነው! "ነይ ብለኸኝ የለ?" አልኩት። ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱ ነው የከፋው። በእውነት ግራ ገብቶት ነበር። "እኔ እኮ... ይባላል እንጂ... እንደምትመጪ አላሰብኩም" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማንም መጥቶ አያውቅም።"

ማንም መጥቶ አያውቅም።

እመቤቷን የምትጫወተው ሴት ከመስኮቱ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። "ባለትዳር ነሽ እኮ፣ ቤትሽ ግቢ፣ ይበርድሻል" አለኝና ወጣ። ሄዱ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አልበረደኝም። እንባዬን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ ካፖርቱን ገለጥ ሳደርግ ገበሩን አየሁት። ግራጫ፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለው። ትከሻው ላይ በካውያ የተቃጠለች ጠባሳ አለች፣ በደቃቅ ስፌት የተጠገነች። ይቺን ጠባሳ አውቃታለሁ። የራሱ ካፖርት ገበር ነው። ከራሱ ካፖርት ፈቶ ነው ለኔ የከተተው። ለዚያ ነው በሹራብ የሰነበተው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። የመድረክ ልብስ ገበር የለውም። ኪስም የለውም። ይሄን የማያውቅ ማንም ቢሆን እኔ አልነበርኩም፤ በራሱ አፍ ነግሮኛል። ገበሩ ወፈር ይበል ያልኩት ዕለት ነው እንግዲህ ያወቀው። ልሄድ መሆኑን አውቆ፣ እንዳይበርደኝ ሰፋልኝ። ለካኝ፣ ቆረጠ፣ ቀመቀመ፣ ቆለፈልኝ። እኔ ደግሞ ገበሩን ሳላይ ተቀበልኩ። ለመሄጃዬ ቸኩዬ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 17

ትናንት መቀጠል አቃተኝ። ቤት ስገባ እሱ ሱቅ አልነበረም፣ ቤት ነበር። አልጋው ላይ ልብስ እያጠፈ። አየኝ። ሻንጣዬንም አየ።

"አውቶቡሱ አመለጠሽ?"

"አልወሰደኝም።"

ውሃ ጣደ። ሻይ ሰጠኝ፣ ስኳር ሁለት፣ እንደምወደው። እጁን ያዝኩት። ይቅር በለኝ አልኩት፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ተንበርክኬም ነበር መሰለኝ። አነሳኝና ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ።

የሚታጠፈው ልብስ የኔ መስሎኝ ነበር፣ ለእህቴ ሊልክልኝ። የራሱ ነው። ከዚህ ሩቅ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ የቆየ ጓደኛ አለው፣ ሥራ አግኝቶለታል። ካፖርቱን ሲጀምር ነው የጠየቀው።

"አሁንማ መጣሁ እኮ" አልኩት። "አልሄድኩም። እዚሁ ነኝ። አትሂድ።"

አንድ ሸሚዝ አጥፎ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፣ እያንዳንዱ ቃል ትዝ ይለኛል፦ "አልተቆጣሁሽም። ግን ስሰፋው ነው የተሰናበትኩሽ። አንድ ቀን ትከሻሽን፣ አንድ ቀን ክንድሽን... ቁልፉ ጋ ስደርስ ጨርሼ ነበር። አሁን ከየት ልጀምር?"

ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

ኅዳር 18

እታለም መጣች። ሰምታለች፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። "የቆጡን አወርድ ብላ..." ብላ ጀመረች። ፊቴን አይታ ተወችው። እቅፍ አደረገችኝ። ተረቱን ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20

ሄደ። የመምህሩን ሱሪ ጨርሶ ነው የሄደው።

ታኅሣሥ 5

ወደ መስኮቴ ተመልሻለሁ። ሰው ትኬት ሲቆርጥ ፊቴን አይቶ "እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል" የሚለኝ አለ። እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ?

ዛሬ ጠዋት ብርድ ነበር። ልብሴን ከወንበሩ አንስቼ ስለብስ ቀዘቀዘኝ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በብርድ ጊዜ ጠዋት ከኔ ቀድሞ ተነስቶ ካውያውን ያግል ነበር። የምለብሰውን ከፊት ከኋላ ያስኬድበትና ትኩሱን ይሰጠኛል። ብርድ በሆነ ቀን ሁሉ። ዘጠኝ ዓመት።

ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለበጥኩት። አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። ድልድዩን ጽፌያለሁ፣ ሻርፑን ጽፌያለሁ። ዛሬም ያው ነው፣ ምንም የለም እያልኩ ስሞላው፣ እሱ ያሞቀልኝን ልብስ ለብሼ ነበር የምጽፈው። ለምን አልታየኝም? ስለለመድኩት? ትኩስ ልብስ የመጽሐፍ ነገር ስላልሆነ?

ታኅሣሥ 19

መጽሐፉን ጨረስኩት። ሴትየዋ ትሞታለች። እኔ ደግሞ ነገ ሥራ አለብኝ።

ጥር 12

ደወልኩለት። ሁለት ሳምንት ልደውል አልደውል ስል ቆይቼ ነው።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። አንቺስ?"

"ደህና... ሥራ እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው። ጫጫታ አለው።"

"መጥቼ ልይህ?"

ዝም አለ። ድሮ ቢሆን ይሄ ሰው ወሬ የለውም እል ነበር። ዛሬ እንዳያስከፋኝ ቃል እየመረጠ እንደሆነ ገባኝ። "ይቅር፣ አትልፊ" አለኝ በመጨረሻ። "ራስሽን ጠብቂ።" አመሰገንኩት። ምኑን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ለማን ይጠቅማል?

የካቲት 7

ዛሬ መጣ።

ያለፈው ሳምንት ነው ያስታወቀው። እዚያ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነው፤ የስፌት መኪናውንና የመቁረጫ ጠረጴዛውን ሊወስድ ይመጣል። ሱቁን ሲለቅ ሁለቱንም ግቢያችን ስላስቀመጣቸው እንደማየው አውቃለሁ። ሁለት ቀን ቤት ሳጸዳ ሰነበትኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። እታለምን ጠራኋት፣ ብቻዬን እንዳልሆን። ምሳ ሠራን።

ኩሽና ውስጥ ነበርን። ከግቢው ሰው ሲገባ፣ ጋሪ ሲቆም ሰማን። ባለጋሪው ከስፌት መኪናው ጋር ሲታገል፣ ጡረተኛው መምህርም ሰላም ሊሉ መጡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ይሰማል። በጋሪው ጫጫታ መሃል አንድ ሰው ስለ አንድ አለቃ ያወራል። አለቃው ሱሪ በልኩ አሰፍቶ፣ በነጋታው በዚያው ልክ ለወንድሙ፣ ከዚያ ለአማቱ አዝዞ፣ "የቤተሰባችን ልክ አንድ ነው" ብሎ... እንዲህ ያለ ነገር። መምህሩ ይስቃሉ። ባለጋሪውም ይስቃል። የሚያወራው ሰውዬ ግን ከሁሉም በላይ ይስቃል፣ ከሆዱ፣ እስኪያስለው ድረስ። ቆም ይልና እንደገና ይጀምራል። የሰው ሳቅ እንዲህ ደስ ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ እኔም ሳላውቀው ፈገግ ብዬ ነበር።

"ማነው እንዲህ የሚስቀው?" አለች እታለም።

"እንጃ፣ ከባለጋሪው ጋር የመጣ ሰው ይሆናል" አልኩ። እጄን በፎጣ ጠርጌ ለማየት ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

እሱ ነው።

እታለምም ከኋላዬ መጥታ አየች። ዘጠኝ ዓመት ቤታችን የገባች የወጣች እህቴ ነች፣ እሷም ይሄን ሳቅ አታውቀውም። ትከሻዬን ብቻ ያዘችኝ።

ምሳ ብላ አልኩት፣ በላ፣ አመሰገነ፣ "ወጡ ጥሩ ነው" አለ። ጠረጴዛው ላይ መልሶ ዝም አለ። እኔ ፊት ሲሆን ዝም ይላል። ግቢ ሲወጣ ጋሪው ጋ እንደገና ሲስቅ ሰማሁት።

ወሬ የለውም ስል ኖርኩ። ወሬም ነበረው፣ ሳቅም ነበረው። የሚሰማው ሰው ነበር የሌለው።